ፊት የልብ ምስክር ነውን?

ሰው ባልንጀራውን ለማወቅ በፈለገ ጊዜ አስቀድሞ የሚያየው ፊቱን ነው። እጁ ምን እንደ ሠራ፥ ልቡ ምን እንዳሰበ ለመረዳት ብዙ ቀን አብሮ መኖር ያስፈልጋል፤ ፊቱን ለማየት ግን አንድ አፍታ ይበቃል። ስለዚህ በቋንቋችን «ፊት» የሚለው ቃል የአካል ስም ከመሆን አልፎ የጠባይ መለኪያ ሆኗል። ሰውን ያቀረበ «ፊት ሰጠው» ይባላል፤ ያራቀ «ፊት ነሣው» ይባላል፤ የተቈጣ ፊቱን ያጠቍራል፤ የኰራ ፊቱን ያዞራል፤ ደስ ያለው ፊቱ ይበራል። በዚህ ዓይነት ፊት ሳንጠራው የሚመጣ፥ ሳናስምለው የምናምነው ምስክር ሆኖ በየዕለቱ በመካከላችን ይቆማል።

ዳሩ ግን አስተዋይ ዳኛ የምስክርን ቃል ከመቀበሉ በፊት ሁለት ነገር ይመረምራል። አንደኛው፥ ምስክሩ እውነት ይናገራልን? የሚል ነው፤ ሁለተኛው፥ ምስክሩ ለመናገር ይችላልን? የሚል ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ አባቶቻችን አስቀድመው መልሰውታል። «ጥርስ ባዳ ነው» ሲሉ፥ ልብ እያዘነ ጥርስ ሊስቅ መቻሉን ማስተማራቸው ነው፤ «የአንገት በላይ» የሚሉትም ፍቅር ከአንጀት ያልመጣ፥ ከፊት ያልዘለለ መሆኑን ለማስታወቅ ነው። ሁለተኛውን ጥያቄ ግን እምብዛም አናነሣውም። አንድ ሰው ሳይስቅልን የቀረ እንደ ሆነ አልወደደንም እንላለን እንጂ፥ ምናልባት ለመሳቅ አልቻለ ይሆናል ብለን አናስብም። ይህ ጽሑፍ ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ነገሩን በባዶ አሳብ ብቻ እንዳንመረምረው፥ ፊትንና ጆሮን በአንድነት የሚመታ አንድ በሽታ እንደ ምሳሌ እንወስዳለን።

በአገራችን «አልማዝ ባለጭራ» የሚባለውን በሽታ ብዙ ሰው ያውቀዋል። በአብዛኛው በደረት፥ በወገብ ወይም በግንባር ላይ፥ በአንድ ወገን ብቻ፥ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ እያወጣ እንደ እሳት የሚያቃጥል ሕመም ነው። ይህ በሽታ አንዳንድ ጊዜ ጆሮን ይይዛል። ያን ጊዜ ጆሮ ውስጡ ክፉኛ ይታመማል፤ በጆሮው ላይና በቀዳዳው ውስጥ፥ አልፎ አልፎም በላንቃ ወይም በምላስ ላይ ሽፍታው ይወጣል፤ በዚያው ወገን ያለው የፊት እኩሌታ ይዝላል፤ ጆሮው ይደነቍራል ወይም ሳያቋርጥ ይጮኽበታል፤ ሕመምተኛውም ምድር የምትዞር ትመስለዋለች። ምልክቶቹን አያይዞ በ1907 የገለጸው ጄምስ ራምሴ ሃንት የሚባል አሜሪካዊ የነርቭ ሐኪም ስለ ሆነ፥ ሕመሙ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የሕመሙ ምክንያት በዚያ ቀን ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። በልጅነት ጉድፍ የሚያስወጣብን ቫይረስ፥ ጉድፉ ከዳነ በኋላ ከሰውነት ጨርሶ አይወጣም፤ በነርቭ ሥር ተሸሽጎ ለብዙ ዓመታት ያንቀላፋል። ዕድሜ ሲገፋ፥ ወይም ሰውነት በሌላ ምክንያት ሲደክምና መከላከያው ሲላላ፥ ያ የተኛው ነገር ይነቃል። አንዳንድ ጊዜም ጤነኛ የሚመስለውን ወጣት ሳይቀር ይይዛል። ጉድፍና አልማዝ ባለጭራ በዚህ ዓይነት የተያያዙ መሆናቸውን በ1965 በሰፊው ያስረዳው ኤድጋር ሆፕ ሲምፕሰን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር። እርሱም ይህን ያገኘው በሚያክማቸው ሰዎች ላይ የታየውን ሁሉ 16 ዓመት እየመዘገበ በትዕግሥት ከተመለከተ በኋላ ነው። ስለ አንድ ሽፍታ ፍርድ ለመስጠት ሐኪም 16 ዓመት ሲታገሥ፥ እኛ ስለ አንድ ሰው ልብ በአንድ አፍታ እንፈርዳለን።

በሽታው ፊትንና ጆሮን አንድ ላይ ስለምን ይመታል? ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከአንጎል ሲወጣ፥ ከመስሚያውና ከሚዛን መጠበቂያው ነርቭ ጋራ ጎን ለጎን ሆኖ በጆሮ አጥንት ውስጥ ወዳለው ጠባብ መተላለፊያ ይገባል። በመንገዱም እንደ ጕልበት በሚታጠፍበት ስፍራ አንድ የነርቭ ቋጠሮ አለ፤ ቫይረሱ የሚነሣው ከዚያ ነው። ነርቩ በተቈጣ ጊዜ ያብጣል፤ አጥንቱ ግን አይሰፋለትም፤ ስለዚህ በገዛ ቤቱ ውስጥ ይታነቃል። ጎረቤቱ የሆነው ነርቭም ከጕዳቱ ይካፈላል። ከዚህ የተነሣ በታመመው ወገን ያለው ግንባር አይጨማደድም፤ የዓይን ቆብ አይገጥምም፤ ጕንጭ ይላላል፤ አፍ ወደ ደኅናው ወገን ይሳባል፤ በምላስ ፊተኛ ክፍል ላይ በዚያ ወገን ጣዕም ይጠፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የሰውየው አእምሮ እንደ ነበረ ነው፤ ፍቅሩ አልቀነሰም፤ ትሕትናውም አልጎደለም። የተሰበረው ከልብ ወደ ፊት የሚወስደው መንገድ ብቻ ነው። ልኡኩ በመንገድ ላይ ታስሮ ቀረ እንጂ ላኪው መላኩን አልተወም።

አሁን በአንድ መሥሪያ ቤት የሚያገለግል፥ በትሕትናው የተመሰገነ ሰው ይህ ሕመም ደረሰበት እንበል። ማለዳ ወደ ሥራው ሲገባ አንድ ባልንጀራው በታመመው ጆሮ በኩል ሆኖ «እንደምን አደርክ?» ይለዋል፤ እርሱ ግን አልሰማምና ዝም ብሎ ያልፋል። ባልንጀራውም «ሰላምታ ነሣኝ» ብሎ ይቀየማል። ወዲያው ሌላ ሰው ከፊት ለፊቱ መጥቶ ፈገግ ይልለታል፤ ሰውየውም በሙሉ ልቡ ፈገግ ይላል፤ ነገር ግን የሚታዘዝለት ግማሽ አፉ ብቻ ስለ ሆነ ፈገግታው ሽሙጥ ይመስላል። ባለጉዳይ መጥቶ ችግሩን ሲነግረው አንደኛው ዓይኑ ሳይርገበገብ ፈጦ ይቀራል፤ ባለጉዳዩም «አፈጠጠብኝ» እያለ ይወጣል። ከቀትር በኋላ ለቅሶ ሊደርስ ይሄዳል፤ ከሐዘንተኛው ጋራ ሲያዝን አፉ ወደ አንድ ወገን እየተሳበ የሚስቅ ያስመስለዋል። ወደ ማታ ግብዣ ተጠርቶ ቢሄድ፥ ውኃው በከንፈሩ ጥግ ስለሚፈስበት አፍሮ «አልበላም» ይላል፤ የቤቱ እመቤትም «ቤቴን ናቀ» ትላለች።

እንግዲህ ይህ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ኩሩ፥ አሽሟጣጭ፥ ተቈጪ፥ በሰው ሐዘን የሚስቅና የሰው ማዕድ የሚንቅ ተባለ። አምስት ከሳሾች አሉት። አምስቱም «ዓይናችን አይቷል» ይላሉ፤ ደግሞም አልዋሹም፤ ያዩትን አይተዋል። ስሕተታቸው ከማየት ወደ መፍረድ ሲሻገሩ በመካከል ያለውን ድልድይ አለመመርመራቸው ነው። በእኛ ዘንድ ሰው ሰውን ማክበሩ የሚታወቀው በፊቱ አቀባበልና በአፉ መልስ ነው። ይህ በሽታ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ስለሚወስድ፥ ያለ ጥፋቱ ከጨዋነት መዝገብ የሚያስፍቅ ሕመም ነው ለማለት ይቻላል።

አንዳንድ ሰው ግን እንዲህ ሲል ይከራከር ይሆናል፤ «ፊት ምስክር መሆኑን ሳይንስ ራሱ አረጋግጧል፤ በፊት ካልተማመንን ሰውን በምን እናውቀዋለን?» ክርክሩ መሠረት የሌለው አይደለም። ዱሼን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1862 ባወጣው መጽሐፍ፥ የእውነት ደስታ ፈገግታ አፍን ብቻ ሳይሆን በዓይን ዙሪያ ያለውን ጡንቻ ጭምር እንደሚያንቀሳቅስ፥ ይህም ጡንቻ እንደ አፍ በቀላሉ ለፈቃድ እንደማይታዘዝ ገልጿል። አባቶቻችን «የአንገት በላይ» እና «የአንጀት» ብለው የለዩትን እርሱ በጡንቻ ለየው ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ከልብ የመጣ ፈገግታ በእውነት ምስክር ነው።

ነገር ግን ምስክር መናገሩና ምስክር ዝም ማለቱ አንድ አይደሉም። ምስክር መጥቶ የተናገረ እንደ ሆነ ቃሉ ይመዘናል፤ ሳይመጣ የቀረ እንደ ሆነ ግን መቅረቱ ብቻውን ተከሳሹን ጥፋተኛ አያደርገውም። ታሞ ይሆናል፤ መንገድ ተዘግቶበት ይሆናል፤ መጥሪያውም አልደረሰው ይሆናል። እንደዚሁም የፈገግታ መኖር አንድ ነገር ይነግረናል፤ የፈገግታ አለመኖር ግን ምንም አያረጋግጥም። ሰላምታ የመለሰ ሰው መስማቱ ታውቋል፤ ያልመለሰ ሰው መናቁ አልታወቀም። እኛ ግን በየቀኑ ዝምታን እንደ ቃል፥ ጉድለትን እንደ ማስረጃ እየቈጠርን እንፈርዳለን። ፊት የልብ ምስክር ነውን? ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንግዲህ ይህ ነው፤ ሲናገር ምስክር ሊሆን ይችላል፤ ዝም ሲል ግን በማንም ላይ ምስክር አይደለም።

ይህ የፍርድ ችኮላ የሚያመጣው ጕዳት በስም ብቻ የሚቀር ቢሆን ኖሮ በይቅርታ ይታለፍ ነበር። ነገር ግን ሥጋንም ይጐዳል። በአገራችን ፊት በድንገት ሲጣመም «መጋኛ መታው» ማለት የቆየ ልማድ ነው። ይህን ያለ ሰው የሚፈልገው መድኃኒት ሳይሆን ጥፋተኛ ነው፤ ማን ረገመው፥ በየት አለፈ፥ ማንን በደለ እያለ ይመረምራል። ሌላው ደግሞ አልማዝ ባለጭራ ኤች አይ ቪ በደማቸው ባለባቸው ሰዎች ላይ በርከት ብሎ መታየቱን ሰምቶ በሹክሹክታ ስም ያጠፋል። እውነት ነው፤ ይታያል፤ ነገር ግን ኤች አይ ቪ በሌለባቸውም በብዙ ሰዎች ላይ ይወጣል። ቢኖርም እንኳ ነገሩ የሕመምተኛውና የሐኪሙ ጕዳይ ነው እንጂ የጎረቤት ወሬ አይደለም። ሕመምተኛውም ይህን ሁሉ እየፈራ ፊቱን በነጠላ ሸፍኖ ቤቱ ይቀመጣል።

እርሱ በተቀመጠባቸው ቀኖች ውስጥ ነርቩ በአጥንቱ መካከል እየታነቀ ነው። በ1997 የጃፓን ሐኪሞች 80 ሕመምተኞችን ተመልክተው ባወጡት ጽሑፍ፥ ፊታቸው በዛለ በ3 ቀን ውስጥ ሕክምና ከጀመሩት መካከል 75 ከመቶ የሚሆኑት ፊታቸው ሙሉ በሙሉ ተመለሰላቸው፤ ከ7 ቀን በኋላ ከጀመሩት ግን እንዲህ የዳኑት 30 ከመቶ ብቻ ናቸው። የተሰጣቸውም ቫይረሱን የሚያዳክመው አሲክሎቪርና እብጠቱን የሚቀንሰው ፕሬድኒሶን ነበር። «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። እንግዲህ «ማን ረገመው?» እያልን የምናሳልፈው ሦስት ቀን የአንድን ሰው ፈገግታ ለዘለዓለም ሊያስቀር ይችላል። መድኃኒቱን መርጦና መጥኖ የሚያዝዘው ሐኪም ነው፤ የጎረቤትና የወዳጅ ድርሻ ግን ሕመምተኛውን ሳያመነቱ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው። ዓይኑ አልከደን ካለም መድረቁ ብሌኑን ሊያቈስለው ስለሚችል፥ ስለ ዓይኑ አጠባበቅ ሐኪሙን መጠየቅ እጅግ አስፈላጊ ነው።

የዚህ መድኃኒት ታሪክ ራሱ ለጕዳያችን ትምህርት አለው። አሲክሎቪርን ካስገኙት ተመራማሪዎች አንዷ ገርትሩድ ኢሊየን የምትባል አሜሪካዊት ነበረች። ወጣት ሳለች በኬሚስትሪ ተመርቃ ሥራ ፍለጋ ስትዞር፥ በአንድ ስፍራ ችሎታዋን ሳይሆን መልኳን አይተው፥ የወንዶቹን አሳብ ትበትናለች ሲሉ መልሰዋታል። እርሷ ግን ሥራዋን ሳትተው ቀጥላ በ1988 ከሁለት ባልንጀሮቿ ጋራ የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ፊቷን አይተው የመለሷት ሴት፥ የሌሎችን ፊት የሚያድን መድኃኒት ከሠሩት መካከል ሆነች።

ደግሞ ኀላፊነቱ ሁሉ በተመልካች ላይ ብቻ አይደለም። የታመመውም ሰው ድርሻ አለው። በሰኔ ወር 2022 የካናዳው ዘፋኝ ጀስቲን ቢበር፥ ገና የ28 ዓመት ወጣት ሳለ፥ ይህ በሽታ እንደ ያዘው በራሱ አንደበት ለዓለም ነገረ። በዚያም በተንቀሳቃሽ ሥዕል አንደኛው ዓይኑ እንደማይርገበገብ፥ በአንድ ወገን ፈገግ ለማለት እንደማይችል እያሳየ፥ ያዘጋጃቸውን ትርኢቶች ስለምን እንዳቋረጠ አስረዳ። ኑሮው በመልኩና በድምፁ ላይ የቆመ ሰው የተጣመመ ፊቱን ለሚሊዮኖች ማሳየቱ ቀላል ነገር አይደለም። ይህን በማድረጉም ስሙን ሰምቶት የማያውቀውን በሽታ ብዙ ሰው ዐወቀ። በመጋቢት 2023 ደግሞ ፈገግታው እንደ ተመለሰ አሳየ። ሁሉ ሰው ለዓለም ሊናገር አይገደድም፤ ነገር ግን ለቅርብ ሰዎች «ፊቴ ታሞ ነው እንጂ አልተቀየምሁም፤ በዚህ ጆሮዬ አልሰማምና በዚያኛው በኩል አናግሩኝ» ማለት ከብዙ ቅያሜ ያድናል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አያገኝም፤ ምክንያቱን የሸሸገም በጎ ትርጓሜ አያገኝም።

በእርግጥ ሁሉም ሕመምተኛ አይድንም። ከመካከላቸው ፊታቸው በከፊል ሳይመለስ የሚቀር፥ የመስማት ኀይላቸውም እንደ ጐደለ የሚኖር አሉ። ለእነዚህ ሰዎች ጥያቄው ጠለቅ ያለ ነው፤ ፊቴ ከተለወጠ እኔ ያው ነኝን? መስተዋት ፊት ቆሞ የሚያየውን የማያውቅ ሰው ይህን መጠየቁ አያስደንቅም። መልሱ ግን በአገራችን ሥርዓት ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። አባቶቻችን አክብሮትን ለፊት ብቻ አልተዉትም። ሽማግሌ ሲገባ «ኖር!» ብሎ መነሣት አለ፤ ዝቅ ብሎ እጅ መንሣት አለ፤ በሁለት እጅ መስጠትና መቀበል አለ፤ ከድምፅ ለዛም ጋራ «ኑሩልኝ» የሚል ቃል አለ። ግማሽ ፊቱ የዛለበት ሰው ይህን ሁሉ ለማድረግ ይችላል። ፈገግታው የቀረበት መምህር ተማሪውን በድምፁ ሊያበረታታው ይችላል፤ አንድ ጆሮዋ የማይሰማላት እናት በእጆቿ ልጇን ልታባብለው ትችላለች። ልብ አንድ በር ቢዘጋበት በሌላው ይወጣል፤ እኛም በአንዱ በር ብቻ ቆመን መጠበቅ የለብንም።

ወጣቶች ሆይ፥ እናንተ ገና ብዙ ሰዎችን ታገኛላችሁ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ሰላምታችሁን ሳይመልሱ ያልፋሉ፤ አንዳንዶቹም ስትስቁላቸው አይስቁላችሁም። ያን ጊዜ ቅያሜ ከመያዛችሁ በፊት ሁለተኛ ጊዜ ሰላም በሉ፤ ይህም የማይሰማ ሰው ቢሆን በደኅናው ጆሮው በኩል፥ ፊት ለፊት ቆማችሁ ይሁን። ሁለተኛ ሰላምታ የሚያስከፍላችሁ ጥቂት ትንፋሽ ነው፤ የተሳሳተ ቅያሜ ግን የዓመታት ወዳጅነት ያስከፍላል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ በችኮላ የፈሰሰ የሰው ስም ግን ተለቅሞ አያልቅም። የተጣመመ ፊት ስታዩ አትፍጠጡ፤ ፊታችሁንም አታዙሩ፤ እንደ ማንኛውም ሰው አነጋግሩ፤ ሕመሙ አዲስ ከሆነም ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ ምከሩ፥ ከተቻለም አብራችሁ ሂዱ።

ከዚህም ጋራ ራሳችሁን ጠይቁ። ፈገግ ሊል እየፈለገ ነርቡ እንቢ ያለው ሰው አለ፤ ነርቡ ደኅና ሆኖ ሳለ ለድኻው፥ ለአገልጋዩና ለእንግዳው ፈገግታውን የሚነፍግ ሰው ደግሞ አለ። የመጀመሪያውን ሐኪም ይረዳዋል። የሁለተኛው መድኃኒት በእጁ ነው፤ ለመጀመርም ሦስት ቀን መጠበቅ አያስፈልገውም።